ዘጠና ስድስት እናቶች

ቡርቃ ሚደጋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውዷ ጓደኛዬ ሳህሊቱ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ገሊላስ እንዴት ናት? የፊት ጥርሷ ወለቀ ያልሽኝን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ገበያ ዕለት ደረሰኝ። ጫት የሚጭነው ቡሽራ መኪናውን ጤና ጣቢያው በር ላይ አቁሞ፣ «ከጭሮ ወረቀት አለሽ» ብሎ ሰጠኝ። ስልኩን ተይው። ኔትወርክ ለማግኘት ከመስጊዱ በላይ ያለውን ኮረብታ መውጣት አለብኝ፤ እዚያም ወጥቼ «ሀሎ፣ ሀሎ» ስል ቆይቼ ነው የምወርደው። ወረቀት ይሻለናል።

ለአዲሱ ሥራሽ እንኳን ደስ አለሽ። «የዕቅድና በጀት ባለሙያ» የሚለውን ለነርሶቹ ሁሉ አነበብኩላቸው። ጭሮ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንማር ሒሳብ የምታስጠኚኝ አንቺ ነበርሽ፤ ትክክለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠሻል።

የጠየቅሽኝ ቁጥር ይኸውልሽ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጤና ጣቢያችን መጥተው የወለዱ እናቶች አሥራ አንድ ናቸው። አዎ፣ አሥራ አንድ። ከጎኑ የተረሳ አኃዝ አለ ብለሽ እንዳትጨምሪበት። በቤታቸው የወለዱት ብዙ ናቸው፤ ስንት እንደሆኑ ግን በእርግጠኝነት አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም።

የእናቶች ማቆያው ለምን እንደማይሠራም ጠይቀሽኛል። ቤቱ ከተሠራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀለም ተቀብቷል፣ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ፎቶ ተነሥተንበታል። ውኃ ግን የለውም። አልጋም አልመጣም። አሁን የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሮበታል። ከሩቅ የምትመጣ ሴት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እንድታርፍበት ነበር የታሰበው፤ ውኃ በሌለበት ቤት ማን ይተኛል? ስለዚህ ቤቷ ሆና ትጠብቃለች፤ ምጥ ሲበረታባት ሰው ሮጦ ይጠራናል፣ ሾፌራችን ተስፋዓለም በአምቡላንስ ሄዶ ያመጣታል። እሷም መኪና ባትኖረን ኖሮ ስንቷን እንደምንቀብር አንድ አላህ ያውቃል።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። ለአለቆችሽ እንዳለ ንገሪልኝ።

እህትሽ ጣሂራ


ጭሮ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውዴ ጣሂራ፣

የእግዚአብሔር ሰላምታ ይድረስሽ። ዘግይቼ ስለመለስኩልሽ ይቅርታ፤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ሆኖብኝ ነው። ገሊላ «ያቺ እኔን የወለደችኝ ጣሂራ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ፤ እሷ የተቀበለችሽ ናት» ብላት አትሰማኝም። የአንቺን እጅ መጀመሪያ ስላየች እሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ቁጥሩን ለምን እንደጠየቅሁሽ ልንገርሽ። ድሮ በጀት የምንጠይቀው ለነዳጅ ይህን ያህል፣ ለወረቀት ይህን ያህል፣ ለአበል ይህን ያህል እያልን ነበር። ገንዘቡ ካለቀ ሥራው ተሠራ ይባላል። የእናንተ ማቆያ ቤት እኮ በመዝገብ ላይ «መቶ በመቶ የተከናወነ» ነው! አሁን ግን የሚጠየቀው «በወጣው ገንዘብ ምን ተለወጠ?» ተብሎ ነው። ቤቱ መሠራቱ አይበቃም፤ ስንት እናት በሰላም ወለደች? እሱ ተቆጥሮ የሚመጣው ዓመት በጀት ይመደባል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ስልጠናው ላይ ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ አንድ ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀ አልኩ።

ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ቀለም ይሰጠዋል። ግቡን ያሳካ አረንጓዴ፣ የተንገዳገደ ቢጫ፣ ከግማሽ በታች የሆነ ቀይ። የእናንተ የግማሽ ዓመት ግብ ዘጠና እናት ነው። በአሥራ አንድ ቀይ ናችሁ። አለቃዬ «ቀይ ላገኘ ቦታ አዲስ ነገር አንጨምርም፤ የተሰጠውንም አልተጠቀመበትም» ይላል። ውኃ ስለሌላችሁ ውጤት የላችሁም፤ ውጤት ስለሌላችሁ ውኃ አይሰጣችሁም ማለት ነው። ይህን ነግሬው «ቅጹ ላይ ለምክንያት የሚሆን ቦታ የለም» አለኝ።

ስለዚህ ላግዝሽ። የነፍሰ ጡሮቹን ዝርዝር ከነባላቸው ስምና ከነመንደራቸው ላኪልኝ፤ ምን ያህል ሴት እንደሚጠብቃችሁ አሳይቼ እከራከርላችኋለሁ። ከዚያ ጋር አምስት ባዶ ቅጽ ፈርመሽና ማህተም አድርገሽ ላኪልኝ። አንድ ወረቀት ለማረም ከዚህ እዚያ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይዘጋል። ባዶ መሆኑ አያሳስብሽ። አንቺ የምትልኪውን ቁጥር ነው የምሞላው።

ያንቺው ሳህሊቱ


ቡርቃ ሚደጋ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳህሊቱ፣

እንደምን አለሽ? ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። መቶ አራት ሴቶች ናቸው። አምስቱን ቅጽም ፈርሜአለሁ፣ ማህተሙንም አድርጌበታለሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም። የጠየቀኝ ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ ባልኩ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ልወቅስሽ አይደለም።

ዝርዝሩ ውስጥ ማንን እንደምፈራላት ልንገርሽ። ሰርካን ነው። ከታችኛው መንደር ናት፤ ከእኛ በእግር ሦስት ሰዓት። ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም አልተረፉላትም። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ዚያድ ጫት ገበሬ ነው። ለክትትል ስትመጣ ሁልጊዜ አብሯት ይመጣና በሩ ላይ ይቆማል።

«ዶክተር፣ ዘንድሮስ?» ይለኛል።

«ዶክተር አይደለሁም፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ» እለዋለሁ።

«እሺ ዶክተር። ዘንድሮስ?»

«የልብ ትርታው ደህና ነው» ስለው እኔን ሳይሆን እሷን አይቶ ይስቃል። ሰርካ ደግሞ በሻሿ ፊቷን ትሸፍናለች። መጋቢት ሲገባ ማቆያው ውስጥ ላስተኛት እፈልጋለሁ። ውኃውን በጀሪካን አስቀድቼም ቢሆን፣ አልጋ ተበድሬም ቢሆን። ካልሆነም ተስፋዓለም አለ፤ ቀኗ ሲቃረብ መኪናውን ከዚህ እንዳያርቅ ነግሬዋለሁ።

ቁጥሩን ታኅሣሥ ሲያልቅ እልክልሻለሁ። እስከዚያው አትሙዪው።

ጣሂራ


ጭሮ፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውዴ ጣሂራ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኝ አንዴም ስላልመለስኩልሽ በጣም ይቅርታ። መጀመሪያ ገሊላ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ ለጥር ሥላሴ አሰቦት ገዳም ሄጄ ነበር። ዳገቱን ስወጣ የአንቺንም ስም ጠርቻለሁ። እምነታችን ቢለያይም ጸሎቱ ይደርስሻል ብዬ ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ የላክሽው ቁጥር ደርሶኛል። እሺ፣ ሃያ ሦስት።

ግምገማው በሰላም አለቀ። ቡርቃ ሚደጋ አረንጓዴ ሆናለች። እንዴት እንደሆነ አሁን አልጽፍልሽም፤ ስንገናኝ እናወራለን። ዋናው ነገር የማቆያው ውኃ ለሚመጣው ዓመት ዕቅድ ውስጥ መግባቱ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እኔም በሥራዬ ተመስግኛለሁ። የቡድን መሪ አድርገውኛል።

ሌላም አንድ ነገር ነበረ። ግን ገና አልተወሰነም። ሲወሰን እጽፍልሻለሁ።

ሳህሊቱ


ቡርቃ ሚደጋ፣ የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳህሊቱ፣

አምቡላንሱ ተወሰደ። ዛሬ ጠዋት ተስፋዓለም በእጁ ደብዳቤ ይዞ መጣና፣ «እህቴ፣ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውረናል። እናንተ ግባችሁን አሳክታችኋል፣ መኪናዋ ደካማ ውጤት ላለው ትሂድ ተብሏል» አለኝ። ቁልፉን እያገላበጠ ዓይኔን ማየት አቃተው።

ምንድን ነው ያሳካነው? የሰርካ ቀን ደርሷል። ይህ ሲደርስሽ ለማንም ብለሽ፣ የትም ሄደሽ፣ መኪናዋን አስመልሺልኝ። ቡሽራ ነገ ጭሮ ይገባል፤ መልሱን ለእሱ ስጪው።

ጣሂራ


ቡርቃ ሚደጋ፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳህሊቱ፣

ቡሽራ ባዶ እጁን መጣ። «ሰጥቻታለሁ፤ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው» አለኝ። ተቆጥቼው ነበር። በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሰርካ ሐሙስ ዕለት አረፈች።

ማቆያው ውስጥ እንድትተኛ ከሳምንት በፊት ሰው ልኬላት ነበር። ጆንያዎቹን አስወጥተን ወለሉን ጠርገን ጨርሰን ነበር። ዚያድ «ቅዳሜ አመጣታለሁ» ብሎ ነበር፤ ምጡ ሐሙስ ማለዳ ቀደመው። በቃሬዛ እኛ ዘንድ ሲያደርሷት ፀሐይ ወጥቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከእኔ አቅም በላይ ነበር። ቦኬ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። በመኪና ቢሆን ጊዜው ይበቃት ነበር፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳሰላሁት አትጠይቂኝ።

ስምንት ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት። እኔ ከጎኗ እየሮጥኩ ነበር። የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በሰውና በግመል ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ጥግ ይዞ አሳለፈን። ሰርካ እጄን ይዛ ነበር። ከዚያ እጇ ላላ። የቀረውን አልጽፍልሽም። ልጁም ሳይወለድ ከእሷ ጋር ነው የተቀበረው።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። እኔ የላክሁልሽ ሃያ ሦስት ነው። አንቺ ስንት ብለሽ ጻፍሽ? ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ቁጥሩን ብቻ።

ጣሂራ


ጭሮ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጣሂራዬ፣

በምን ቃል እንደምጀምር አላውቅም። ነፍሷን ይማር። ለዚያድም «አላህ ያጽናህ» በይልኝ። አይ፣ ተይው፤ ከእኔ እንደሆነ አትንገሪው።

ዘጠና ስድስት።

እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ሃያ ሦስት ብዬ ሞልቼ ነበር። እውነቴን ነው፤ አንዱን ቅጽ በሃያ ሦስት ሞልቼ ለአለቃዬ ወሰድኩት። «ሳህሊቱ፣ አንድ ቀይ ከተገኘብን የሁላችንም ውጤት ይወርዳል» አለኝ። አስተካክዪው አላለኝም። ወረቀቱን ብቻ መለሰልኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሁለተኛውን ቅጽ አወጣሁ። አረንጓዴ ከሆናችሁ ውኃው ይመጣል፣ ውኃው ከመጣ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ቁጥሩም በአንድ ዓመት ውስጥ እውነት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የመበደር ያህል ነበር ለእኔ። ለቀይ አዲስ ነገር ባይገዛም ያለው መኪና ወደ እሱ እንደሚዞር፣ አረንጓዴ መሆን መኪና እንደሚያስወስድ ያኔ አላወቅሁም።

የካቲት ላይ ግን አውቄአለሁ። «ገና አልተወሰነም» ያልኩሽ እሱን ነው። ተወስኖ ነበር። ተነሥቼ ብናገር ቁጥሩ ከየት መጣ ይሉኝ ነበር። መሪ ከሆንኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ያንቺን ደብዳቤ ከቡሽራ ተቀብዬ አንብቤ መኪናው እስኪሄድ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

አሁን ደግሞ ውጤት የሚያረጋግጥ ቡድን ይመጣል። ጭሮ ላይ ስብሰባ ትጠሪያለሽ። ስለ ገሊላ ብዬ እለምንሻለሁ፤ «ቁጥሩ ከቀበሌዎች ተሰብስቦ ሲመጣ ስህተት ገብቶበታል» በይ። ስህተት ለሠራ ታች ላለ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጡት፤ ለእኔ ግን ሥራዬ ነው። የገሊላ አባት ከሄደ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም እንደሌላት ታውቂያለሽ። ወደ ጭሮ እንድትዛወሪም ተነጋግሬአለሁ፤ ቦታ አለ። ደብዳቤዎቼንም በቡሽራ መልሺልኝ። አላመንኩሽም ብዬ አይደለም።

ሳህሊቱ


ቡርቃ ሚደጋ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሳህሊቱ፣

ጭሮ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሰላም ሳንባባል ተለያየን። ስንወጣ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ተከትለሽ «ለምን?» ብለሽ ጮኸሽ ነበር፤ ሾፌሩ አላቆመም፤ እኔም አቁም አላልኩትም። መልሱን አሁን እጽፍልሻለሁ። የመጨረሻዬ ነው። ከጭሮ ወረቀት እንዳይቀበልልኝ ለቡሽራ ነግሬዋለሁ።

ወደ ጭሮ ስሳፈር ደብዳቤዎችሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። ላወጣቸው ግን አልፈለግሁም። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንቺ ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ከተናገርሽ እኔ «ባዶ ወረቀት ላይ የፈረምኩ እኔ ነኝ» ብዬ ከጎንሽ ልቆም ነበር። ቃላቱን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ሲያነብ ግን ያላሰብኩትን ሰማሁ። ዘጠና ስድስት የሚለው ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ስም አለው። የላክሁልሽን ዝርዝር አንድ በአንድ ገልብጠሽዋል። ልትከራከሪላቸው የወሰድሽውን። «ተራ ቁጥር አርባ ሦስት፣ ሰርካ፣ የባል ስም ዚያድ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን በጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች» አለ። ያን ቀን ሰርካ ሰባተኛ ወሯን እንኳ አልያዘችም ነበር። ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በእናንተ ወረቀት ላይ የወለደች እናት ነበረች፤ መኪና የማያስፈልጋት።

ሰብሳቢው ወደ አንቺ ዞሮ፣ «ይህን የሞላው ማን ነው?» አለሽ።

«አላውቅም። ከታች የመጣውን ነው ያስተላለፍኩት» አልሽ። እኔን እያየሽ ነው ያልሽው።

ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አልነበረም። «ለምን?» ላልሽው መልሱ ይህ ነው።

የሆነውን ከእኔ ስሚው። ውጤታችን ተሰርዞ ቀይ ሆነናል። አምቡላንሱ ባለፈው ሰኞ ተመልሷል፤ ተስፋዓለም ከመኪናው ሳይወርድ አለቀሰ። ውኃው ከዕቅድ ወጥቷል። እኔ ከኃላፊነት ተነሥቻለሁ፤ የተነሣሁበት ምክንያት ትክክል ስለሆነ አቤት አላልኩም። ፊርማው የእኔ ነው። ማዋለዱን አልከለከሉኝም። አንቺ ከቡድን መሪነት ወርደሽ ሌላ ክፍል መመደብሽን ሰምቻለሁ። አለቃሽ ደግሞ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው ይላሉ።

ከጭሮ እንደተመለስኩ ዚያድ ቤት ሄድኩ። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው ብዬ ነው። ጫት ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኩት። ባዶው ወረቀት ላይ እንደፈረምኩ፣ የሚስቱ ስም እንደተጻፈ፣ መኪናዋ ለምን እንደሄደች። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እንዲጮህብኝም ፈልጌ ነበር። መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«ወረቀቱ ወልዳለች ይላል?» አለኝ።

«አዎ። ውሸት ነው እንጂ ይላል።»

«ወንድ ይላል ሴት?»

ቅጹ ላይ ለሱም ቦታ አለ፤ ሞልተሽዋል። «ሴት ይላል» አልኩት።

«እንዲያ ከሆነ ስም አላት» አለ። «ሴት ከሆነች ሳብሪና እንበላት ብላኝ ነበር ሰርካ። እዚያው ከጎኗ ጻፊልኝ፣ ዶክተር።»

«ዚያድ፣ ወረቀቱ ውሸት ነው። ተሰርዟል።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ግን ሌላ ቦታ አልተጻፈችም።»

አልጻፍኩለትም። በውሸት መዝገብ ላይ ዳግመኛ እጄን አላሳርፍም ብዬ ምያለሁና አልችልም አልኩት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሰርካ ያረፈች ዕለት እንኳ እንዲያ አላየኝም።

ጣሂራ